የኬ-ፖፕ የወንዶች ባንድ አልበም አሠራርና አለቃቀቅ፦ ለአነስተኛ ኩባንያ የተዘጋጀ መመሪያ

በደቡብ ኮሪያ የአንድ የወንዶች ባንድ አልበም የሚታቀደው ከመጨረሻው ቀን ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው። አልበሙ የሚለቀቅበት ቀንና ሰዓት ከተያዘ በኋላ የማተሚያ ቤቱ የጊዜ ገደብ፣ የክሊፑ ቀረጻ፣ የዳንሱ ልምምድ፣ የድምፅ ቀረጻውና የዘፈን ምርጫው ሁሉ ከዚያ ቀን እየተለኩ ቦታቸውን ይይዛሉ። አሠራሩ ብዙ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ለማንቀሳቀስ የሚመች ቢሆንም አንድ አደገኛ ጎን አለው፤ ቀኑ ለውጭ ሰው ተነግሮ መሪ ዘፈኑ፣ ማለትም አልበሙ የሚተዋወቅበት ዋና ዘፈን፣ ገና ያልተገኘ እንደሆነ ኩባንያው ቀኑን ላለማፍረስ ሲል ያላመነበትን ዘፈን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ቀኑ በውስጥ ተይዞ ሊቆይ ይገባል እንጂ መሪ ዘፈኑ ሳይመረጥ፣ የደራሲዎቹ ድርሻ በጽሑፍ ሳይታወቅና የዳንሱ ረቂቅ ሳይታይ ለቴሌቪዥን ጣቢያም ሆነ ለአከፋፋይ የማይመለስ ቃል ሊሰጥ አይገባም።

መመሪያው በተለይ የሚያገለግለው በሴኡል በአንድ አነስተኛ ወይም መካከለኛ ኩባንያ ውስጥ ሥራውን የሚያስተባብረውን ሰው ነው። ኤስኤም፣ ዋይጂ፣ ጄዋይፒና ሃይብን የመሳሰሉት ታላላቅ ኩባንያዎች ለእያንዳንዱ ደረጃ ራሱን የቻለ ክፍል አላቸው፤ በአነስተኛው ኩባንያ ግን ያው ሥራ በጥቂት ሰዎች ጫንቃ ላይ ስለሚወድቅ የሥራው ቅደም ተከተል ሲዛባ የሚያስከትለው ጉዳት የከፋ ነው። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ ሰዓቶቹ የሴኡል ሰዓት ናቸው፤ የተጻፉትም በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው።

ቀኑን ከመቁረጥ በፊት

መጀመሪያ የሚወሰነው የአልበሙ ዓይነት ነው። በኮሪያ ገበያ የተለመዱት ጥቂት ዘፈኖችን ብቻ የሚይዘው ነጠላ አልበም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ዘፈን የሚኖረው ሚኒ አልበም እና አሥር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ዘፈን የሚይዘው ሙሉ አልበም ናቸው። ገና ስም ላላገኘ ባንድ ሙሉ አልበም ማዘጋጀት ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ፤ በቴሌቪዥን መድረክ የሚቀርበው አንድ ወይም ሁለት ዘፈን ብቻ ስለሆነ የቀሩት የሚደርሱት አስቀድሞ አድናቂ ወደሆነው ሰው ጆሮ ብቻ ነው። ቢቲኤስም በ2013 ጁን ወር ወደ መድረክ የወጣው በነጠላ አልበም ነበር።

ቀጥሎ የአባላቱ ዕድሜ ይታያል። የኮሪያ ወንድ ዜጋ በሃያዎቹ ዕድሜው መጨረሻ ሳይደርስ የግዴታ ወታደራዊ አገልግሎት መጀመር አለበት፤ አገልግሎቱም በምድር ጦር 18 ወር ነው። በ2020 የተሻሻለው ሕግ ለአገር ባህል ባበረከቱት አስተዋፅዖ የመንግሥት ሜዳልያ ለተሸለሙ የፖፕ ሙዚቃ ሰዎች ግዳጁን እስከ 30 ዓመት ዕድሜ የማራዘም ዕድል ሰጥቷል፤ ነገር ግን ይህ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎችን የሚመለከት በመሆኑ ሌላው ባንድ ሊመካበት አይችልም። ታላቁ አባል 26 ወይም 27 ዓመት ከሞላው የሚቀጥለው አልበም ሁሉም አባላት የሚገኙበት የመጨረሻ አልበም ሊሆን እንደሚችል ታውቆ፣ የእርሱ ድምፅ ያለባቸው ተጨማሪ ዘፈኖች አስቀድመው ተቀርጸው እንዲቀመጡ ማድረግ ብልህነት ነው። የኮሪያ ፍትሐዊ ንግድ ኮሚሽን በ2009 ያወጣው መደበኛ ውል፣ አባሉ ለአንድ ኩባንያ ብቻ የሚሠራበትን የብቸኛ ውል ዘመን በሰባት ዓመት ስለሚገድብ፣ ባንዱ ስድስተኛ ዓመቱን ካጋመሰ የውል እድሳቱ ንግግር ከአልበሙ ዕቅድ ጋር ተያይዞ መታየት አለበት። ከአባላቱ መካከል ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ ደግሞ ሕጉ የሳምንት የሥራ ሰዓቱን ይገድባል፤ ከ15 ዓመት በታች ለሆነው 35 ሰዓት፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 40 ሰዓት ሲሆን ከ22፡00 እስከ 06፡00 ባለው ጊዜ ማሠራትም በመርህ ደረጃ የተከለከለ ነው። ይህ ገደብ ለክሊፑ ዳይሬክተር አስቀድሞ በጽሑፍ ካልደረሰው የቀረጻ ቀን ላይ ጭቅጭቅ መነሣቱ አይቀርም።

የሳምንቱን ቀንና ሰዓቱን በሚመለከት ሁለት ምርጫ አለ፤ ምርጫውም ባንዱ አድማጭ ያለው የት እንደሆነ ከሚለው ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው። በ2017 ፌብሩዋሪ ወር የኮሪያ የዲጂታል ሙዚቃ ቻርቶች (የደረጃ ሰንጠረዦች) ደንባቸውን ለውጠው፣ በቅጽበታዊው ሰንጠረዥ ላይ ወዲያውኑ የሚታየው ከ12፡00 እስከ 18፡00 ባለው ጊዜ የወጣ ዘፈን ብቻ እንዲሆን አደረጉ፤ ከዚያ በፊት የተለመደው የእኩለ ሌሊት አለቃቀቅም ቀርቶ 18፡00 የአብዛኛው ባንድ ሰዓት ሆነ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ አድማጭ ላለው ባንድ ግን የአሜሪካው የሙዚቃ ደረጃ ሰንጠረዥ የቢልቦርድ የመቁጠሪያ ሳምንት ከዓርብ እስከ ሐሙስ በመሆኑ ዓርብ፣ በኒው ዮርክ እኩለ ሌሊት ሲሆን መልቀቅ ሙሉ ሰባት ቀን ያስገኛል። ይህ ሰዓት አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደ ፊት በሚያደርጉባቸው የሞቃት ወራት በሴኡል 13፡00 ሲሆን በቀዝቃዛዎቹ ወራት፣ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ፣ 14፡00 ይሆናል። ቢቲኤስ በ2020 ኦገስት ወር ነጠላ ዜማውን በ13፡00፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር ደግሞ አልበሙን በ14፡00 ያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። አድማጩ በአብዛኛው ኮሪያ ውስጥ የሆነ ወጣት ባንድ ይህን መኮረጅ አያስፈልገውም፤ ሰኞ ወይም ማክሰኞ በ18፡00 ቢለቅቅ ሐሙስ ለሚጀምሩት የቴሌቪዥን ዝግጅቶች የተዘጋጀ ሆኖ ይደርሳል።

ከዚህ በተረፈ ሶላል የሚባለው የጨረቃ አዲስ ዓመትና ቹሶክ የሚባለው የመከር በዓል የሚውሉባቸውን ሳምንቶች መሸሽ ነው፤ ማተሚያ ቤቶችና የእቃ ማድረሻ ድርጅቶች ያርፋሉ፣ የቴሌቪዥን መርሐ ግብሮችም ይቀያየራሉ።

መሪ ዘፈኑን ማግኘት

ዘፈን የሚያፈላልገው ክፍል፣ በሙያው አጠራር ኤ ኤንድ አር፣ ሥራውን አልበሙ ከመውጣቱ ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት ቢጀምር ይመረጣል። ዴሞዎች፣ ማለትም ለናሙና የተቀረጹ ያላለቁ ዘፈኖች፣ የሚገኙት በሦስት መንገድ ነው። አንዱ ለሙዚቃ አሳታሚዎች ጥያቄ መላክ ነው፤ ስዊድንንና ኖርዌይን በመሳሰሉ አገሮች የሚኖሩ ደራሲዎች ለኮሪያ ባንዶች መጻፍን ቋሚ ሥራ ካደረጉት ቆይተዋል። ሌላው ደራሲዎች ተሰብስበው የሚጽፉበት የዘፈን ካምፕ ሲሆን በእያንዳንዱ ክፍል አንድ ምት ሠሪ፣ አንድ ወይም ሁለት የዜማ ደራሲዎችና የኮሪያን ገበያ የሚያውቅ ሰው ተመድበው በቀን አንድ ዴሞ እንዲጨርሱ ይደረጋል። ሦስተኛው መንገድ የባንዱ አባላት ራሳቸው ናቸው።

ለደራሲዎች የሚላከው ማስታወሻ የቱንም ያህል አጭር ቢሆን ቁርጥ ያለ መሆን አለበት። “ጠንካራና ዘመናዊ ዘፈን እንፈልጋለን” ማለት ለደራሲው ምንም አይነግረውም፤ የየአባሉ ድምፅ ከየት እስከ የት እንደሚደርስ፣ ራፐሮቹ ስንት እንደሆኑ፣ የዘፈኑ ፍጥነት በየትኛው ክልል ውስጥ እንዲሆን እንደሚፈለግ፣ ባንዱ ባለፈው ጊዜ ምን እንደዘፈነና በዚህኛው ሊደግመው የማይፈልገው ምን እንደሆነ ማወቅ ግን ብዙ የማይጠቅሙ ዴሞዎችን ከወዲሁ ያስቀራል። በተለይ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

አባላቱ ራሳቸው የሚጽፉበትን መንገድ ከሌሎቹ አስበልጬ እመለከተዋለሁ፤ ምክንያቴ ግን አድናቂዎች ዘወትር የሚያነሡት የእውነተኛነት ጉዳይ አይደለም። ቢግባንግ ከጂ-ድራገን ጋር፣ ሴቨንቲን ከዉጂና ከአብሮ አደራጁ ቡምዙ ጋር፣ ስትሬይ ኪድስም ከውስጡ ከተመሠረተው የሦስት ሰዎች የደራሲዎች ቡድን ጋር ያገኙት ዋና ጥቅም፣ የሚጽፈው ሰው የጓደኞቹን ድምፅ በየቀኑ ስለሚሰማ ማን የትኛውን ስንኝ ያለ ጭንቀት እንደሚዘፍነው አስቀድሞ ማወቁ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ያው ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ደራሲ፣ ዘፋኝ፣ ዳንሰኛና ለፎቶግራፍ የሚቆም ሰው መሆኑ ነው። ስለዚህ የሚጽፍ አባል ያለው ባንድ የጊዜ ሰሌዳው ሲወጣ የአልበሙ ዘፈኖች ከልምምድና ከሌላ ሥራ በጸዳ ወቅት እንዲጻፉ ተደርጎ ሊወጣ ይገባል፤ የባንዱን ሙሉ ሸክም በአንድ ወጣት ላይ ጭኖ “ራሱ ፈልጎ ነው” ማለት የኩባንያ ኃላፊነት የጎደለው አነጋገር ነው።

መሪ ዘፈኑ ሲመረጥ ዴሞው የደራሲው ስም ሳይነገር ለልዩ ልዩ ክፍል ሠራተኞች ቢሰማና ነጥብ ቢሰጥበት ጥሩ ነው፤ ሆኖም የነጥቡ አማካይ ብቻውን ሊወስን አይገባም። ሁሉም “ደህና ነው” ያሉት ዘፈን ብዙ ጊዜ ማንም ደግሞ ሊሰማው የማይፈልገው ዘፈን ነው። ግማሹ ወድዶት ግማሹ የተቃወመው ዴሞ ካለ ለዳንስ አቀናባሪው ተልኮ አዝማቹ ላይ ምን ዓይነት እንቅስቃሴ እንደሚመጣለት ይጠየቅ፤ መልሱ በፍጥነት ከመጣ ዘፈኑ መድረክ አለው ማለት ነው። የኤክሶ የ2013 ታሪክ እዚህ ላይ ትምህርት ይሰጣል። ባንዱ በጁን ወር አንድ ሙሉ አልበም አወጣ፤ በኦገስት ወር ደግሞ ያንኑ አልበም አዲስ መሪ ዘፈን ጨምሮ እንደገና ሲያሳትመው አገሩን ያዳረሰው ያ ኋላ የተጨመረው ዘፈን ሆነ። አልበሙ ሁለቱ እትሞች ተደምረው ከሚሊዮን ቅጂ በላይ ሲሸጥ በኮሪያ ከ12 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ዳግም እትም የማውጣት ልማድ ኩባንያን ሁለተኛ ዕድል ይሰጠዋል፤ ነገር ግን ኤክሶ ያን ጊዜ ሁለተኛውን ወጪ የሚሸፍን ትልቅ ኩባንያ ከጀርባው ነበረው።

ግጥሙና የደራሲዎቹ ድርሻ

ከውጭ የሚመጣ ዴሞ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ፣ ያውም አንዳንዴ ትርጉም በሌላቸው ድምፆች የተዘፈነ ነው። የኮሪያኛው ግጥም ከዚያ ዜማ ጋር በቀለም ቁጥር እንዲገጥም ሆኖ ይጻፋል፤ ኩባንያው ዴሞውን ለብዙ ግጥም ደራሲዎች በአንድ ጊዜ ይልካል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚመጡትን ረቂቆች ያነጻጽራል፣ አንዳንድ ጊዜም የአንዱን አዝማች ከሌላው ስንኞች ጋር ያዋህዳል። ረቂቅ ሲመረጥ በወረቀት ላይ ከማንበብ ይልቅ አንድ ድምፃዊ ዘፍኖት ማዳመጥ ይሻላል። ድምፁ ከፍ በሚልበት ቦታ ላይ አፍ የሚዘጋ ቃል ከገባ የቱንም ያህል ያማረ ሐሳብ ቢይዝ ዘፋኙን ያንቀዋል።

ዘፈን በቴሌቪዥን ጣቢያ ከመቅረቡ በፊት ጣቢያው ግጥሙን ይመረምራል። የሕዝብ ጣቢያ የሆነው ኬቢኤስ በተለይ የንግድ ምልክት ስምና ስድብ የያዙ ግጥሞችን አያሳልፍም፤ የአንድ መኪና ወይም የአንድ መተግበሪያ ስም መጥራት ብቻ ለክልከላ ይበቃል። ግጥሙ ውስጥ አጠራጣሪ ቃል ካለ ከክልከላው በኋላ ድምፃዊውን ወደ ስቱዲዮ ከመመለስ ይልቅ፣ በዋናው ቀረጻ ቀን የዚያን ስንኝ ሁለተኛ ቅጂ በተለዋጭ ቃል መቅረጽ ይገባል። አምስት ደቂቃ የማይወስድ ሥራ ነው፤ በተለየ ቀን የተቀረጸ ድምፅ ደግሞ ከቀሪው ጋር ሲሰማ መለየቱ አይቀርም።

የደራሲዎቹ ድርሻ ጉዳይ በወዳጅነት የሚታለፍ አይደለም። አንድ የኬ-ፖፕ ዘፈን አምስትና ስድስት ደራሲዎች ሊኖሩት ይችላል፤ እያንዳንዳቸውም በተለያየ አገር ባለ አሳታሚ የሚወከሉ ናቸው። ዜማው፣ ግጥሙና ቅንብሩ በመቶኛ ተከፍሎ ሁሉም ወገን ሳይፈርም ዘፈኑ ወደ አከፋፋይ መላክ የለበትም። በአገር ውስጥ ምዝገባው የሚካሄደው በዋናነት በኮሪያ የሙዚቃ ቅጂ መብት ማኅበር፣ በምህጻሩ ኮምካ በሚባለው በኩል ሲሆን በዚያ የሰፈረው ስምና ድርሻ አልበሙ ላይ ከሚታተመው ጋር አንድ መሆኑን አንድ ሰው ተቀምጦ ሊያመሳክር ይገባል። ቀረጻ ላይ አንድ ቃል የለወጠ አባል ደራሲ ሆኖ ይመዘገብ ወይስ አይመዘገብ የሚለውም ያኔውኑ መልስ ያግኝ።

ቀረጻ

ድምፃውያኑ የሚቀርጹት አንድ ላይ ሳይሆን ተራ በተራ፣ ለየብቻቸው፣ ስንኝ በስንኝ ነው። በኮሪያ ስቱዲዮዎች በመስታወቱ ማዶ የሚቀመጠው የድምፅ ዳይሬክተር አብዛኛውን ጊዜ ዘፈኑን ከጻፉት ወይም ካቀናበሩት አንዱ ይሆናል፤ ሥራውም ቃናን ማስተካከል ብቻ ሳይሆን የአተነፋፈሱን፣ የቃሉን አጨራረስና የስሜቱን መጠን መምራት ነው። ጊዜ ካለ ሁሉም አባል ሙሉውን ዘፈን ቢቀርጽና የክፍል ድልድሉ ከዚያ በኋላ ቢደረግ እመክራለሁ። ድልድሉ በአእምሮ አስቀድሞ ሲሠራ ሁልጊዜ ያው ልጅ አዝማቹን፣ ያው ልጅ ማሸጋገሪያውን ይወስዳል፤ በቀረጻ ሲፈተን ግን ብዙ ጊዜ ያልተጠበቀ ድምፅ ለመክፈቻው ስንኝ ተስማሚ ሆኖ ይገኛል። የሰከንዶች ድርሻ በአድናቂዎች ዘንድ እየተቆጠረ የሚያከራክር መሆኑም አይዘንጋ፤ የዘጠኝ ሰዎች ባንድ በሦስት ደቂቃ ዘፈን ውስጥ ለሁሉም እኩል ሊያካፍል ስለማይችል ፍትሐዊነቱ የሚለካው በአልበሙ በሙሉ ነው።

ከዋናው ድምፅ ቀጥሎ ድርቡ (በዋናው ላይ የሚደረበው ያው ድምፅ)፣ ተቀባዩና ጌጡ (በየመሃሉ የሚጣለው ማሳመሪያ ድምፅ) ይቀረጻል። ተቀባዩን በተቀጠረ ባለሙያ ማስያዝ የተለመደ ነው፤ ይሁን እንጂ አዝማቹ ላይ የአባላቱ ድምፅ በደንብ ሊሰማ ይገባል፣ ምክንያቱም ተቀባዩ የሚገባበት የመድረክ ቅጂ ከእነርሱ ድምፅ ጋር ተዋህዶ ካልተሰማ በቀጥታ ሲዘፍኑ ልዩነቱ ያሳጣቸዋል። ሚክሲንግ የሚያደርገው፣ ማለትም የተቀረጹትን ድምፆች የሚያዋህደው ባለሙያ ዘፈኑን ከማስረከቡ በፊት ሊሰጥ የሚገባቸው ቅጂዎች በውሉ ይዘርዘሩ፤ ሙሉው ዘፈን፣ ድምፅ የሌለው ሙዚቃ፣ ተቀባዩ ብቻ ያለበት ሙዚቃ፣ ለቴሌቪዥን ቃሉ የተለወጠው ቅጂና ለዳንስ መድረክ የሚጨመረው የመሸጋገሪያ ክፍል። ማስተሪንጉ፣ ማለትም የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ሥራ ነው።

ዳንስና ክሊፕ

ኩባንያው ዘፈኑን ለሁለት ወይም ለሦስት የዳንስ አቀናባሪዎች ይልካል፤ እነርሱም ከባንዱ አባላት ቁጥር ጋር እኩል የሆኑ ዳንሰኞችን ይዘው ረቂቁን በቪዲዮ ቀርጸው ይልካሉ። የአንዱ አዝማች ከሌላው መግቢያ ጋር ሊዋሃድ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ክፍያውና ስሙ ለሁለቱም መድረስ አለበት። ጥሩ ረቂቅ ሁለት ጥያቄዎችን ይመልሳል። የመጀመሪያው የሚዘፍነው ልጅ ተራው ሲደርስ ሳይሮጥ መሃል መድረስ መቻሉ ነው፤ ሁለተኛው አዝማቹ ላይ ያለው ዋና እንቅስቃሴ ዳንስ በማያውቅ ሰው፣ በስልክ ካሜራ ፊት፣ ከወገብ በላይ ብቻ ሊደገም መቻሉ ነው። ይህ ሁለተኛው በአጫጭር ቪዲዮዎች ዘመን ከክሊፑ ያላነሰ ማስታወቂያ ሆኗል፤ ነገር ግን ዘፈኑን በሙሉ ለእርሱ ሲባል ማጣመም አያስፈልግም።

ክሊፑ ብዙውን ጊዜ ከወጪዎች ሁሉ ከባዱ ነው። ዳንሱ በአባላቱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት መቅረጽ የለበትም፤ ይህን የማይጠብቅ ኩባንያ በአርትዖት በተቆራረጡ ጉልበቶችና ክንዶች የተሞላ ክሊፕ ይረከባል። በጀቱ ጠባብ ከሆነ አምስት መለስተኛ ስፍራዎችን ከማዘጋጀት አንድ በደንብ የተሠራ ስፍራና ብርሃን የሚያውቅ ባለሙያ ይሻላል። የኤክሶ የኦገስት 2013 ክሊፕ በአንድ መጋዘን መሰል ቦታ፣ ካሜራው ሳይቆረጥ የሚንቀሳቀስ ያህል ሆኖ የተሠራ ነበር፤ እስካሁንም ድረስ የሚጠቀሰው በዚያው ነው። የተጠናቀቀው ክሊፕ በኮሪያ ይፋ ከመሆኑ በፊት የዕድሜ ደረጃ ሊሰጠው ስለሚገባ ለዚህ የሚሆኑ ቀኖች በሰሌዳው ውስጥ ይያዙ።

የሚታተመው አልበም

ሲዲ ማጫወቻ የሌለው ሰው አልበም የሚገዛው ለፎቶ መጽሐፉ፣ ለፖስተሩና በተለይም ለፎቶ ካርዱ፣ የአንድ አባል ምስል ላለበት ትንሽ ካርድ ነው። ይህ ልማድ የተስፋፋው የሴቶች ባንድ የሆነው ገርልስ ጀነሬሽን በ2010 ባወጣው አልበም ውስጥ የአባላቱን ካርድ በዕጣ መልክ ከጨመረ ወዲህ ነው፤ ገዢው የማን ካርድ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ የሚፈልገውን እስኪያገኝ ይገዛል ወይም ከሌላው ጋር ይለዋወጣል። በ2023 የወጡት የሴቨንቲንና የስትሬይ ኪድስ አልበሞች በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ እያንዳንዳቸው ከ4.5 ሚሊዮን ቅጂ በላይ መሸጣቸው ከዚህ አሠራር ተለይቶ አይታይም።

ለአነስተኛ ኩባንያ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት እትም በቂ ነው። ስምንትና ዘጠኝ ዓይነት እትም ማውጣት በመጀመሪያው ሳምንት ቁጥሩን ከፍ ቢያደርግም አድናቂውን ያማርራል፤ ካርዱ ተወስዶ ሲዲው በየመንገዱ የሚጣልበት ሁኔታም በኮሪያ ውስጥ ከፍተኛ የአካባቢ ጥበቃ ትችት አስነሥቷል። ሲዲ የሌለውና ዘፈኑ በስልክ መተግበሪያ በኩል የሚከፈትበት ቀለል ያለ እትም ማዘጋጀት ወጪን ይቀንሳል፤ ለውጭ አገር ገዢም የመላኪያ ክፍያውን ያቃልልለታል።

የፎቶ መጽሐፉ ፋይል ወደ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት የስም ዝርዝሩ በሦስት የተለያዩ ሰዎች ይነበብ። የደራሲ ስም ተሳስቶ የታተመ እንደሆነ በዲጂታል ላይ በአንድ ሰዓት ይታረማል፤ በወረቀት ላይ ግን ለዘላለም ይኖራል። የመጀመሪያው ኅትመት መጠን ከመደብሮች በሚመጣው ቅድመ ትእዛዝ ላይ ተመሥርቶ የሚወሰን ስለሆነ ትእዛዝ መቀበል የሚጀመረው ፋይሉ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት እንዲሆን ይደረግ።

ቅጂዎቹን የሚቆጥሩ ሁለት ታዋቂ ሰንጠረዦች አሉ፤ ልዩነታቸውም ብዙ ጀማሪ ያሳስታል። ሃንቴኦ በመደብር ለገዢ የተሸጠውን ሲቆጥር፣ እስከ 2022 ጋኦን ይባል የነበረው ሰርክል ቻርት ደግሞ ከአከፋፋይ የወጣውን ጭነት ተመላሹን ቀንሶ ይቆጥራል። በመሆኑም “የመጀመሪያ ሳምንት ሽያጭ” እየተባለ የሚነገረው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሃንቴኦ ነው፤ የውጭ አገር ገዢ ግዢው እዚያ እንዲቆጠርለት ከፈለገ ከሰንጠረዡ ጋር ከተያያዘ መደብር መግዛት ይኖርበታል። ይህንን በግልጽ የሚያስረዳ አንድ ማስታወቂያ በአድናቂዎች መድረክ ላይ መለጠፍ ብዙ ጥያቄ ያስቀራል።

ከመጀመሪያው ማስታወቂያ እስከ መድረክ

የማስተዋወቂያው ዘመን ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይሆናል። በመጀመሪያ አልበሙ የሚወጣበትን ቀን የሚያሳውቀው ምስል ይለጠፋል፣ ቀጥሎ የየቀኑን ልቀት የሚያሳየው ሰሌዳ ይወጣል፤ ከዚያ የአልበሙን ገጽታ የሚያሳዩት ፎቶዎች፣ የዘፈኖቹ ዝርዝር፣ ከየዘፈኑ ጥቂት ጥቂት የሚያሰማው ቅንጫቢና በመጨረሻዎቹ ቀናት የክሊፑ ማሳያዎች ይከተላሉ። ብዙው የሚለጠፈው በ00፡00 ነው። የዘፈኑ ዋና አዝማች በማሳያው ውስጥ ሙሉ በሙሉ መሰማት የለበትም የሚለው የቆየ አስተሳሰብ ዛሬ አይሠራም ባይ ነኝ፤ ስሙ ላልታወቀ ባንድ አዝማቹን አስቀድሞ ማሰማት አድማጭን የሚያስጠብቅ እንጂ የሚያጠፋ አይደለም። ከመለጠፉ በፊት ግን አልባሳቱ፣ ጌጣጌጡና የስፍራው ማስዋቢያ የሌላ ሕዝብ የሃይማኖት ወይም የባህል ምልክት እንዳልያዘ የኮሪያ ሰው ያልሆነ ተመልካችም ጭምር ይየው።

ፋይሎቹ ለአከፋፋዩ በጊዜ መድረስ አለባቸው፤ አገር ውስጥ ላሉት ሜሎንንና ጂኒን ለመሳሰሉት የኢንተርኔት ሙዚቃ አገልግሎቶች የሚበቃው ጊዜ ለዓለም አቀፎቹ ላይበቃ ይችላል። የልቀቱ ቀን በአብዛኛው በጋዜጠኞች ፊት በሚቀርብ ማሳያ ይጀመርና ዘፈኑ ከወጣ በኋላ ለአድናቂዎች በሚደረግ ዝግጅት ይጠናቀቃል። ከዚያ ሳምንታዊዎቹ የቴሌቪዥን ዝግጅቶች ይመጣሉ፤ ሐሙስ የኤምኔት ኤም ካውንትዳውን፣ ዓርብ የኬቢኤስ ሚዩዚክ ባንክ፣ ቅዳሜ የኤምቢሲ ሾው! ሚዩዚክ ኮር፣ እሑድ የኤስቢኤስ ኢንኪጋዮ። ብዙው መድረክ በቀጥታ ሳይሆን አስቀድሞ፣ አንዳንዴም ጎህ ሳይቀድ፣ አድናቂዎች በተገኙበት ይቀረጻል። ስለዚህ አድናቂዎች ከዘፈኑ ጋር አብረው የሚጮኹት የድምፅ ምላሽ በጽሑፍና በቪዲዮ ከልቀቱ ጋር አብሮ ቢወጣ ጥሩ ነው። ጣቢያዎቹ የሳምንቱን አንደኛ የሚመርጡት የዲጂታል አድማጭን፣ የአልበም ሽያጭን፣ የቪዲዮ ተመልካችንና የሕዝብ ድምፅን እየደመሩ ሲሆን የየአንዳንዱ ክብደት ከጣቢያ ጣቢያ ይለያያል፤ ባንዱ ጠንካራ በሆነበት መለኪያ የትኛው ጣቢያ እንደሚያደላ ማጥናት ጉልበትን በአራቱም ላይ ከመበተን ያድናል።

የፊርማ ዝግጅቶች፣ ከ2020 ወዲህ የተስፋፉት የቪዲዮ ጥሪዎችም ጭምር፣ አልበም ለገዙ ሰዎች በዕጣ የሚሰጡ ናቸው። የዕጣው ደንብ፣ የተሳታፊው ቁጥርና የመቀበያው ቀን በግልጽ ይጻፍ፤ አባላቱም በቀን ከአንድ ዝግጅት በላይ እንዳይመደቡ የሚከላከል ሰው በኩባንያው ውስጥ ይኑር። የቴሌቪዥኑ ዘመቻ ሁለት ሳምንት ያህል ከሄደ በኋላ የአድማጩ ቁጥር እየወጣ ከሆነ ሌላ ዘፈን ከአልበሙ መርጦ መቀጠል ይቻላል፤ እየወረደ ከሆነ ግን ዘመቻውን ማራዘም የልጆቹን ጉልበት ከመጨረስ በቀር የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። የመደብሮች ተመላሽ ሳይታወቅ የሽያጩ ሒሳብ አይዘጋም፤ ለአባላቱ የሚቀርበው የሒሳብ መግለጫም የክሊፑን፣ የአልባሳቱንና የኅትመቱን ወጪ በየደረሰኙ የሚያሳይ ሆኖ መዘጋጀት አለበት።